ሰሙም ወርቁም ሄዷል፤ የቀረው ጭቃው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ በኢንተርኔት ነው የማነበው። ባለፈው ስለ ሮማውያን የነሐስ ሐውልቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ በደስታ፣ አንዴ በንዴት። የተደሰትኩት ስለ ሙያዬ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በማግኘቴ ነው። ያናደደኝ ደግሞ «ሮማውያን ነሐስ እንዴት ያፈስሱ እንደነበር ዛሬም ምስጢር ነው፤ ማስረጃውም ጠፍቷል» የሚለው ቃል ነው። አልጠፋም። እኔ ራሴ በእጄ ይዤዋለሁ። እንዲያውም ትንሽ አበላሽቼዋለሁ፤ እሱን በኋላ እናዘዛለሁ።

እኔ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኝ አንድ ፋውንድሪ፣ ማለትም የብረታ ብረት ማቅለጫና ማፍሰሻ ፋብሪካ ውስጥ 26 ዓመት የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። የምናወጣው የፓምፕ አካልና የቧንቧ ቫልቭ ነበር። ሐውልት አንድም ቀን አፍስሼ አላውቅም። ስንት ቶን ነሐስ በእጄ እንዳለፈ ግን እግዜር ይወቀው። ጡረታ ስወጣ ቤት መዋል አቃተኝ፤ ባለቤቴም እኔን አልቻለችኝም። አንድ የቁፋሮ ቡድን ገል የሚያጥብ በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ሮማውያን ከተሞቻቸውን የሠሩበት አገር ስለሆነ እዚህ መሬት በተቆፈረ ቁጥር የእነሱ ዕቃ ይወጣል።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ ልበል። ርዕሱ ላይ «ነሐስ» ብላችሁ ጀመራችሁ፤ ከሥር «ናስ» ሆነ፤ መጨረሻ ላይ «መዳብ» ብላችሁ ዘጋችሁት። ሦስቱ አንድ አይደሉም። መዳብ ንጹሑ ነው። መዳብ ላይ ቆርቆሮ ሲገባ ነሐስ ይሆናል፤ ዚንክ ሲገባ ናስ ይሆናል። ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን አይደለም፣ ነጩን ማዕድን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አልፈርድባችሁም። ነሐስና ናስ ከአንድ ሥር የወጡ ስለሆኑ ምላሳችን ይደባልቃቸዋል። ሮማውያንም ከእኛ አይሻሉም ነበር፤ ሦስቱንም «አኤስ» ነበር የሚሏቸው። ጳውሎስ ፍቅር ከሌለኝ «እንደሚጮኽ ናስ» ነኝ ብሎ የጻፈውም ለማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ለቆሮንቶስ ሰዎች። ቆሮንቶስ ማለት በነሐሷ ስሟ በሮም ግዛት ሁሉ የገነነ ከተማ ናት። እዚያ ጂምናዚየሙ አካባቢ የሮማውያን ዘመን የነሐስ ማፍሰሻ ተቆፍሮ ወጥቷል። ሰዎቹ የናስ ጩኸት ምን እንደሆነ ጎረቤታቸውን ሰምተው ያውቁታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሐውልት ድፍን አይደለም፤ ውስጡ ባዶ ነው። ድፍን ቢሆን መዳቡ አይቻልም፣ ሲቀዘቅዝም ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ እምብርቱ ከጭቃ ይሠራል። በላዩ ሰም ይለበጥበታል፤ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ፊቱ፣ ጸጉሩ፣ የልብሱ እጥፋት ሰሙ ላይ ይወጣል። እምብርቱ ቦታውን እንዳይለቅ የብረት ካስማ ሰሙን በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ማፍሰሻ ቦይና አየር ማስወጫም ከሰም ተሠርተው ይቀጠላሉ። ከዚያ ሁሉም በጭቃ ይሸፈናል። የመጀመሪያው ሽፋን እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ የውጪው አሸዋና ገለባ የበዛበት ሻካራ። ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ባዶውን ነሐሱ ይሞላዋል። ጭቃው ይሰበራል። ትልልቅ ሐውልቶች ራስ፣ እጅና ደረት ለየብቻ ፈስሰው ኋላ ይበየዳሉ።

«አሁን ሰምና ወርቅ ሊለን ነው» ብላችሁ ከሆነ አልተሳሳታችሁም። ልላችሁ ነው። ግን ከቅኔ መምህሮቻችን ጋር አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰሙን ጠሩ፣ ወርቁን ጠሩ፣ ጭቃውን ረሱ። ጭቃ በሌለበት ሰሙ ኩሬ ነው፣ ወርቁም ኩሬ ነው። አርኪዮሎጂ ደግሞ የሚያገኘው እሱኑ የተረሳውን ነው። ሰሙ የዚያኑ ዕለት ቀልጧል። ነሐሱ ተሸጧል፣ ተሰርቋል፣ ተመልሶ ቀልጧል። ጭቃው ግን ተሰብሮ ጓሮ ተጣለ። ማንም አልፈለገውም። ስለዚህ 2 ሺህ ዓመት ቆየ።

ኑዛዜዬ እነሆ። ገል ማጠብ የጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ነው። ሥራው የጥርስ ብሩሽና ሳፋ ይዞ መፈተግ ነው፤ ልብስ አጣጠብ የሚችል ሰው ያውቀዋል። ከሳጥኑ ውስጥ የግማሽ መዳፍ የምታህል የተቃጠለ ጭቃ አነሳሁ። የፈረሰ ግድግዳ ልስን መሰለኝ፤ ሌላው ሰው ሁሉ የሚመስለው እንደዚያ ነው። ሁለት ጊዜ ፈተግኩት። ውሃው ጠቆረ። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። የውጪው በኩል ብርቱካንማ ነው፣ ሻካራ፣ የገለባ ቀዳዳ ያለበት። የውስጡ በኩል ግን ግራጫ ነው፣ ለስላሳ። በእኔ ቋንቋ ይሄ ሞልድ ነው፤ ነሐስ የሚፈስስበት የጭቃ ቅርጽ! በውጪው በኩል እሳቱ አየር ስለሚያገኝ ጭቃው ይቀላል፤ የቀለጠው ነሐስ በገባበት በኩል አየር ስለሌለ ይጠቁራል። ልክ እንደ ዳቦ ሲቆረጥ ሁለቱ ቀለሞች መሃል ላይ መስመር ሠርተዋል። ግራጫው ገጽ ላይ የአንድ ትንሽ ነገር ጠርዝ ተቀርጾ ነበር፤ የልብስ ማያያዣ መርፌ ይመስላል። «ነበር» ያልኩት ግማሹን ብሩሼ ስለወሰደው ነው። ሞልድ እንደ ድስት በደንብ የተጠበሰ ሸክላ አይደለም። ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል። የቡድኑ መሪ አልተቆጣችኝም፤ ብሩሹን ብቻ ከእጄ ወሰደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተቃጠለ ጭቃ ያለበት ሳጥን ሳይታጠብ መጀመሪያ ወደ እኔ ይመጣል።

እንዲህ ያለውን መርፌ ለማውጣት ሁልጊዜ ሰም አያስፈልግም። ሁለት የጭቃ ገበታ ይገጣጠማል፣ መሃሉ ላይ ቅርጹ ይታተማል፣ ይፈስሳል። በዚህ መንገድ በገፍ ይመረታል። ፈረንሳይ ውስጥ ኦተን የምትባል ከተማ አለች፤ በአውግስጦስ ዘመን ስትቆረቆር አውጉስቶዱኑም ነበር ስሟ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በወታደራዊ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲቆፈር የብረታ ብረት ሠሪዎች ሰፈር ሙሉውን ወጣ። ምድጃው፣ ነሐስ የሚቀልጥበት የሸክላ ዕቃ ማለትም ማቅለጫው፣ የሞልድ ስብርባሪው፣ ሳይጠናቀቁ የተጣሉ ዕቃዎች። አንድ ሰው በአንድ ጥግ የሚሞክረው ነገር አልነበረም፤ ሰፈሩ እንዳለ በዚህ ሥራ ነበር የሚተዳደረው። እንግሊዝ ውስጥ ቬሩላሚየም ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ49 ገደማ ከእንጨት የተሠሩ ሱቆች በአንድ ረድፍ መንገድ ዳር ተደርድረው ነበር፤ ነሐስ ሠሪዎች ነበሩባቸው። ቡዲካ የምትባለው ንግሥት ባመፀች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ60 ወይም 61 ከተማው ሲቃጠል ሱቆቹም አብረው ነደዱ። ለእነሱ ጥፋት ነው። ለአርኪዮሎጂ ግን የተቃጠለ ከተማ የተዘጋ ሳጥን ነው፤ ማንም ተመልሶ ዕቃውን አልሰበሰበም።

ስለ እሳት ካነሳን፣ ሞልዱ ከማፍሰስ በፊት ለምን እንደሚጠበስ ማንም የጻፈ አላየሁም። ሰሙን ለማስወጣት ብቻ አይደለም። ሞልድ ውስጥ ጠብታ እርጥበት ካለ ከ1000 ዲግሪ በላይ የጋለ ነሐስ ሲነካው ውሃው ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ካጣ ይፈነዳል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት እኔው ያላደረቅኩት ኮር፣ ማለትም የጭቃ እምብርት እንደዚያ አደረገኝ። የጤፍ ፍሬ የሚያህል የቀለጠ ነሐስ ግራ ክንዴ ላይ አረፈ። ጠባሳው አሁንም አለ፤ የልጅ ልጄ «የአያቴ ከዋክብት» ትለዋለች። ሮማዊው አቅላጭም ይሄን ያውቅ ነበር። ትልቅ ሐውልት ሲሆን ሞልዱን ጉድጓድ ውስጥ የሚያቆመው፣ ዙሪያውን በአፈር ጠቅጥቆ የሚቀብረው ግን በሌላ ምክንያት ነው። አፈሩ ሞልዱን አቅፎ ይይዘዋል፣ እንዳይሰነጠቅ። በዚያ ላይ የማፍሰሻው አፍ ወለሉ ላይ ስለሚሆን ማቅለጫውን ወደ ላይ መሸከም አይኖርም። ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ በራሱ ፍርስራሽ ይሞላል። ቆፋሪዎች ከሚያገኟቸው ማስረጃዎች ሁሉ እንደዚህ ያለው ጉድጓድ በጣም ደስ ይለኛል፤ ሐውልቱ ባይኖርም ቁመቱን ትገምታላችሁ።

ማቅለጫው ራሱ ብዙ ይናገራል። አውግስት የምትባለው የሮማውያን ከተማ ከእኔ ቤት በራይን ወንዝ ዳር 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ናት፤ የጥንት ስሟ አውጉስታ ራውሪካ ነው። እዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማቅለጫዎች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ በአንድ እጅ የሚያዙ። ከሥራ ብዛት ውጪያቸው እንደ መስታወት አብረቅርቆ ቀልጧል። ከንፈራቸው ላይ ቀይና አረንጓዴ የመዳብ እንባ ደርቋል። ዛሬ በራጅ መሣሪያ ያቺ ጠብታ ስትታይ ውስጡ ምን እንደቀለጠ ይታወቃል፤ ቆርቆሮ ይሁን፣ እርሳስ፣ ዚንክ። አቅላጩ ማስታወሻ አልጻፈም። ማቅለጫው ግን ጽፎለታል።

ከሮማውያን ማቅለጫዎች መካከል ክዳን ያላቸው ይገኛሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የናስ ናቸው፤ ነገሩም ሊቅ የሚያሰኝ ነው። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይተንናል። መዳብ የሚቀልጠው 1085 ላይ ነው። ሁለቱን ምድጃ ላይ ላደባልቅ ያለ ሰው ዚንኩን በጭስ ያጣዋል። ሮማውያን ታዲያ መዳብ፣ ከሰልና የዚንክ ድንጋይ በተከደነ ማቅለጫ ውስጥ አሽገው አጋሉት። ዚንኩ ተንኖ መውጫ ሲያጣ መዳቡ ውስጥ ይሰርጋል። ዚንክ የሚባል ማዕድን መኖሩን ሳያውቁ ነው ይሄን የሠሩት። ሴስተርቲየስ የተባለውን ሳንቲማቸውን የሠሩት በዚህ ናስ ነበር። እኛ ፋውንድሪ ውስጥ ዚንክ ሲተንን የሚወጣውን ነጭ ጭስ ስንሸሽ ነው የኖርነው። እነሱ ግን ሥራ ላይ አዋሉት።

ጽሑፋችሁ ሮማዊውን ጸሐፊ ፕሊኒን ጠቅሶ «ጥበቡ በኔሮ ዘመን ጠፋ» ይላል። ፕሊኒ በእርግጥ እንዲህ ብሏል። ዜኖዶሩስ የሚባለው ቀራፂ ለንጉሠ ነገሥቱ ለኔሮ ከ100 ጫማ በላይ የሆነ ሐውልት ሠራ፤ ፕሊኒም ሐውልቱን አይቶ የማፍሰስ እውቀት እንደጠፋ ታየ ብሎ ጻፈ። ሽማግሌዎች ሁሌም «በእኛ ጊዜ ቀረ» እንላለን፤ እኔም እለዋለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ፕሊኒ ከሞተ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የተሠራው የንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዮስ የነሐስ ፈረስና ፈረሰኛ ሮም ውስጥ ዛሬም አለ። ጥበቡ ጠፍቶ ቢሆን ይሄን ማን አፈሰሰው? የጠፋው የኔሮ ሐውልት ነው እንጂ። ከእሱ የተረፈው ስሙን ለኮሎሲየም መስጠቱ ብቻ ነው።

ፕሊኒ ራሱ ግን አንድ በጣም ጠቃሚ ነገር ነግሮናል፤ እሱን ዘላችሁታል። ለሐውልት በሚሆነው መዳብ ላይ ሲሶ የሚሆን አሮጌ፣ ያገለገለ መዳብ ይጨመራል ይላል። በእኛ ቋንቋ ቁራሌ! ያገለገለው በእጅ ብዛት ታሽቷል፣ ተገርቷል የሚል ምክንያትም ያክላል። ምክንያቱ ለእኔ ብዙም አይገባኝም፤ ርካሽ ስለሆነ ቢል ይሻለው ነበር። በምድጃችን አጠገብ እኛም ሁልጊዜ የቁራሌ ክምር ነበረን። ሐውልቶቹ ለምን እንደጠፉም መልሱ እዚሁ ነው። ሴያኑስ የተባለው የጢባርዮስ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ31 ሲወድቅ ሐውልቶቹ በገመድ ተጎተቱ። ገጣሚው ዩቬናል ከዓለም ሁለተኛ ከነበረው ከዚያ ፊት ማሰሮ፣ ሳፋ፣ መጥበሻና ፖፖ ወጣ ብሎ ያላግጣል። ቀልድ ቢሆንም አሠራሩ እውነት ነው። አውግስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 ተሰባብረው የተከማቹ የትልልቅ ሐውልቶች ስብርባሪዎች ተገኝተዋል፣ የፈረስ አካል ጭምር። ጣሊያን ውስጥ ብሪንዲዚ ከተማ አጠገብ ባሕር ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 እጅ፣ እግር፣ ራስ ሆኖ የተበታተነ ነሐስ ወጣ፤ ብዙ ተመራማሪዎች ለማቅለጥ ሲጓዝ የነበረ ነው ይላሉ። እኛ ሙዚየም የምናየው ማቅለጫ ውስጥ ሳይገባ ያመለጠውን ነው።

ስለ ጫጫታው አንድ ቃል ብቻ። ማርሻል የተባለው ሌላው ገጣሚ ሮም ውስጥ ቀኑን ሙሉ በነሐስ ሠሪዎች መዶሻ አላርፍም ብሎ ያማርራል። ጎረቤቶቻችን ፋውንድሪው ላይ ይጽፉት የነበረውን አቤቱታ ቃል በቃል ይመስላል።

አሁን የጻፍኩበት ዋና ጉዳይ። ጽሑፋችሁ ላይ ያለው ፎቶ የአንድ ወጣት ሐውልት ነው። ከሥሩ «ጭኑ ላይ በጦርነት የደረሰበት ጉዳት ይታያል» ይላል። ፎቶውን በስልኬ አጉልቼ አየሁት። ጉዳቱ አራት ማዕዘን ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑ የተሳለ፣ ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል። ጦር እንዲህ አይቆርጥም! ይሄ የአቅላጩ መጣፊያ ቦታ ነው። ነሐሱ ሲፈስስ አየር ታፍኖ ጉድጓድ ፈጠረ። አቅላጩ ጉድጓዱን በመሮ አራት ማዕዘን አድርጎ አጸዳው፣ በልኩ ነሐስ ቆርጦ ገጠገጠበት፣ ቀጥቅጦ አለሰለሰው። ሐውልቱ አዲስ ሳለ ማንም አላየውም። ከዘመናት በኋላ መጣፊያው ወደቀና ቦታው ቀረ። እንዲህ ያሉ መጣፊያዎች በአንድ ሐውልት ላይ በርከት ብለው ይገኛሉ። እኔም አንድ ጊዜ የፓምፕ አካል ላይ የወጣብኝን ጉድጓድ በመሙያ ደፍኜ፣ ቀለም ቀብቼ አሳልፌው ነበር። ተቆጣጣሪው በጥፍሩ ጫር አድርጎ አገኘብኝ። የሮማዊው መጣፊያ ከእኔ በጣም የተሻለ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም የፎቶውን መግለጫ እንድታርሙልኝ እጠይቃለሁ። «የአቅላጩ መጣፊያ የነበረበት ቦታ» ብትሉ ይበቃል።

ከሰላምታ ጋር፤
ጡረተኛው አቅላጭ፣ ከባዝል